ጉርዳ ብዬ የተረጎምኩት

ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ባለው አገር የፈረንጅ ፊልም ቆሞ በመተርጎም የሚስተካከለኝ ሰው አልነበረም። ይህን ስል ጉራ የሚመስለው ይኖራል። በዚያ ዘመን ከፊቴ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን እውነቱን ያውቃል። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ እሱንም እምድብር፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት። የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። እንግሊዝኛን ያገኘሁት ከራዲዮ፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላትና ከቪዲዮ ካሴት ነው። አስተማሪ ቢኖረኝ የት እደርስ እንደነበር እንጃ። ያለ አስተማሪ የደረስኩበት ግን ብዙ ባለ ዲግሪዎች ያልደረሱበት ነው።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ቡታጅራ ላይ ቪዲዮ ቤት ከፈትኩ። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር፣ መቀመጫው አግዳሚ ነበር። ሌሎቹ ቪዲዮ ቤቶች ካሴቱን ከትተው ዝም ይላሉ፤ ሰውም ዱላና ተኩሱን አይቶ ይሄዳል። እኔ ግን ማይክሮፎን ይዤ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ፣ ተዋናዩ አፉን ሳይዘጋ በአማርኛ እጨርስለታለሁ። ሴት ስትናገር ድምፄን አቀጥናለሁ፤ ሽማግሌ ሲናገር አስላለሁ። ከተመልካቾቼ ብዙዎቹ አማርኛን በሁለተኛ ደረጃ የሚናገሩ የመስቃንና የስልጤ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ስለነበሩ፣ ቃሉ ሲከብድ ከአገሩ ነገር ምሳሌ አመጣለሁ። ፍርድ ቤት ከታየ የሽማግሌ ሸንጎ እለዋለሁ፤ ሌባ አለቃ ከታየ ሁሉም የሚያውቀውን የድሮ ባላባት አስመስለዋለሁ። ሰው በእኔ ቤት ፊልም አያይም ነበር፤ ይኖረው ነበር።

አንድ ደንብ ነበረኝ። ሀጂዎችም የደብር አገልጋዮችም ስለሚመጡ፣ ወንድና ሴት ሊሳሳሙ ሲሉ ቴሌቪዥኑን በጥቁር ጨርቅ እሸፍናለሁ። ጨርቁ ሲወርድ ወጣቶቹ ያፏጫሉ፣ ሽማግሌዎቹ ይስቃሉ፣ ሳነሣው ፊልሙ ይቀጥላል። በዚህ ተከብሬ ኖርኩ።

አሁን ስለ ራሴ የምናገረው ነገር አለ፤ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ያኔ ዕድሜዬ ከአርባ አልፎ ነበር፤ ሚስት የለኝም። ትውልድ አገሬ ቸሃ ያሉት ወንድሞቼ ሁሉ አግብተዋል፤ ለመስቀል ስሄድ ልጆቻቸው ይከቡኛል። ሴት ጠልቼ ወይም አጥቼ አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ልቤ የሚሸፍተው ወደ ወንድ ነው። ለዚህ ነገር በአማርኛም በጉራጊኛም የማውቀው ቃል ስድብ ብቻ ስለነበር፣ ለራሴም በሆዴ ስም ሰጥቼው አላውቅም። ለማንም አልነገርኩም። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሰው እኔ ብቻ የሆንኩ፣ ፈጣሪ ሲሠራኝ እጁ የሳተ ይመስለኝ ነበር። በትርጉም ሥራዬ የበረታሁት ለዚህም ይሆናል፤ በሰው አፍ ስናገር ስለምውል የራሴን ሳልናገር ይመሽልኛል።

በከተማው ውስጥ አንደበቴን የማያከብር አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ መምህር አንዱዓለም። የጎጃም ልጅ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቶ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ብቻውን ይቀመጥና፣ አንድ ነገር ስጨምር ወይም ስቀንስ ከንፈሩን ይነክሳል። አንድ ጊዜ ውጭ አግኝቶኝ፣ «ጋሽ ሽብሩ፣ ሰውዬው ያላለውን እኮ ነው የምታስብለው» አለኝ። እኔም ሰውዬው ማለት የነበረበትን ነው ያልኩት ብዬ መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን በአንገት ብቻ ሆነ።

የነገሩ ሳምንት ግን ከተማው ሁሉ ስለ እሱ ያወራ ነበር። አጎቱ አቶ ተሰማ ከጎጃም መጥተዋል። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሙሽራ ታጭታለች፣ ድግሱ ተጠንስሷል፣ ሰኞ ጠዋት ይዘውት ይሄዳሉ። መምህሩ እምቢ ብሏል፤ ለምን እንዳለ ግን ለማንም አልተናገረም። እሺ ካላለ አጎቱ እስከ ዘላለም አላይህም ብለውታል አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ካሴት የሚያመጣልኝ የአዲስ አበባ መስመር ሹፌር ዘግይቶ ደረሰ። ሁልጊዜ ፊልሙን አስቀድሜ ብቻዬን አየዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሰው ማጉረምረም ጀምሯል። የካሴቱ ሽፋን ላይ ሥዕል የለም። እኔ ሽብሩ ሳላየው ብተረጉም ምን ይከብደኛል ብዬ ከተትኩት።

ፊልሙ ብርዳም በሆነ የባሕር ዳርቻ ከተማ የሚኖሩ የሁለት ወንዶች ታሪክ ነው። አንዱ ዳቦ ጋጋሪ፣ ሌላው ሰዓት ሠሪ። ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለች ክፍል አብረው ይኖራሉ፤ በአንድ ገበታ ይበላሉ፤ አንዱ ሲያስል ሌላው ሻይ ያፈላል። እኔም ሳልጠራጠር «ወንድማማች ናቸው፤ ታላቅየው ጋጋሪው ነው» ብዬ ጀመርኩ። በእኛ አገር ሁለት ጎልማሳ ወንዶች አንድ ቤት ከኖሩ ወይ ወንድማማች ናቸው ወይ የቤት ኪራይ ከብዷቸዋል። ሰውም ተቀበለኝ።

ጥቂት ቆይቶ የሰዓት ሠሪው እናት ልትጠይቀው ከገጠር መጣች። ሹራብ አምጥታለታለች። ፊት ለፊት የተቀመጠው የበርበሬ ነጋዴው ከድር፣ ምንም ነገር የማያመልጠው ሰው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጋሽ ሽብሩ፣ ለአንዱ ልጇ ብቻ ነው እንዴ ሹራብ የምታመጣው? ይቺ ምን ዓይነት እናት ናት?» አለ። ቤቱ ሳቀ። ወዲያው እናቲቱ ለልጇ፣ ጓደኛህ ደኅና ሰው ነው፣ አንተ ግን መቼ ነው የምታገባው አለችው። ካሜራው ከጠረጴዛው ሥር ወርዶ የሁለቱን እጅ አሳየ። ተያይዘዋል።

ያን ጊዜ ገባኝ። የማይክሮፎኑ ገመድ እግሬ ላይ የተጠመጠመ እባብ መሰለኝ። ካሴቱን ተበላሸ ብዬ ላወጣው እችል ነበር፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ማየት ፈለግሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደኔ ያለ ሰው አየሁ። ከባሕር ማዶ ተሻግሮ፣ ብርሃን ሆኖ ቆርቆሮ ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ ሾርባ ይጠጣል።

«ወንድሙ አይደለም» አልኩ በማይክሮፎኑ። «ተሳስቼ ነው። ጉርዳ ናቸው።»

ለማያውቅ አንባቢ፦ ጉርዳ በእኛ በጉራጌ ዘንድ የቃል ኪዳን መሐላ ነው። ዝምድና የሌላቸው ሰዎች ወይም ቤቶች በሽማግሌ ፊት ይምሉና ከዚያ ወዲያ እንደ ሥጋ ዘመድ ይሆናሉ። አንዱ በሌላው ላይ ክፉ አያደርግም፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ትቶት አይሄድም። ያፈረሰ ይረገማል። እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ግን ከዚያ የተሻለ ቃል በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ አይገኝም።

ቤቱ በሙሉ «አሃ!» አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በዓይኔ ባላየው አላምንም ነበር። ጋጋሪው ታሞ ሆስፒታል ገባ። እህቱ መጥታ ሰዓት ሠሪውን ከበር መለሰችው። በዚህ ጊዜ ቤቱ በእህቲቱ ላይ ተነሣ። ጉርዳ እያለ እህት ምን አግብቷት፣ ፈረንጅ መሐላ አያውቅም እንዴ፣ ይቺን ሴት ርግማን ያገኛታል እያሉ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ አጉረመረሙ። አንድ ሀጂ ከዘራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ነቀነቁባት። የከተማዬ ሰው፣ ነገሩን ቢያውቅ በድንጋይ የሚያሳድደው ያው ሰው፣ ለእነዚያ ሁለት ወንዶች ይሟገት ነበር።

እህቲቱ በሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ፣ አንተ ለእሱ ምኑ ነህ ብላ ጮኸችበት። ሰዓት ሠሪው ባርኔጣውን አውልቆ ቀስ ብሎ ተናገረ። አጭር ነው የተናገረው፤ እንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት የማያሻው፣ የስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው። እኔ ግን አፌ ተያዘ።

«ምን አለ? ምን አለ ጋሽ ሽብሩ?» አሉኝ።

ሌላ ነገር ልፈጥርለት እችል ነበር፤ በመፍጠር ማን ይችለኛል። ግን እንዳለ ሰጠኋቸው። «አልታመምኩም። የተሳሳትኩም አይደለሁም። እንዲህ ነኝ» አልኩ። ድምፄን አላቀጠንኩም፣ አላወፈርኩም፤ የራሴ ድምፅ ነበር። ከድር «እንዴት ነው?» ሲል ጠየቀ። «እንዲህ» አልኩት። ከመጨረሻው አግዳሚ አንድ ሰው ሲያስል ሰማሁ።

ከዚያ ያ የፈራሁት መጣ። ሰዓት ሠሪው በጓሮ በር ሾልኮ ገባ፤ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ፤ ጎንበስ አለ። ጥቁሩ ጨርቅ ትከሻዬ ላይ ነው። ከሸፈንኩት አለቀልኝ፤ ጨርቁ የሚወርደው ለምን እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ካልሸፈንኩት ደግሞ ያዩታል። እጄ ጨርቁን እንደጨበጠ ቀረ። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት አቅም አጥቼ አላውቅም። ከንፈር ለከንፈር ተሳሳሙ።

ቤቱ አንገቱን አሰገገ። ከዚያ የሚኒባስ ረዳት የሆነ አንድ ጎረምሳ፣ «ጋሼ፣ ጉርዳ እንዲህ ነው እንዴ የሚሳሳመው?» አለ። ሳቅ ሊፈነዳ ሲል ከድር ቀደመው። «አንተ ልጅ፣ በደርግ ጊዜ የሩሲያ ባለሥልጣናት አውሮፕላን ጣቢያ አፍ ለአፍ ሲሳሳሙ በቴሌቪዥን አላየህም? የፈረንጅ ሰላምታው ነው፤ ሰውዬው እየሞተ አይደል እንዴ!» ብዙዎቹ እውነት ነው፣ አይተናል አሉ። ረዳቱ ግን አልተዋጠለትም። ዞሮ ወደ ኋላ ተመለከተና፣ «መምህር፣ አንተ እንግሊዝኛ ታውቃለህ። ጋሽ ሽብሩ የሚለው እውነት ነው?» አለው።

ሁሉም ዞረ። እኔም ዞርኩ። መምህር አንዱዓለም ከተቀመጠበት ቀስ ብሎ ተነሣ። አንዲት ቃል ትበቃው ነበር፤ ያቺን ቃል ቢናገር ከዚያች ከተማ በሕይወት እወጣ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም። የፊልሙ ብርሃን ፊቱ ላይ ሲወርድበት ጉንጮቹ እርጥብ መሆናቸውን አየሁ።

«ልክ ነው» አለ። «አንድም ቃል አልሳተም።» ተመልሶም ተቀመጠ።

በየሳምንቱ ስህተቴን ሲለቅም የኖረ ሰው፣ ጉርዳ ብዬ የፈጠርኩትን ትርጉም ልክ ነው አለ። ያን ጊዜ አወቅሁት። ጋጋሪው ሞተ፤ ሰዓት ሠሪው በማለዳ ዳቦ ቤቱን ብቻውን ከፈተ፤ ፊልሙ አለቀ። ሀጂው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ ጉርዳውን ጠበቀ፣ አላህ ይዘንለት እያሉ ወጡ። መምህሩ ከሰው ጋር ተጋፍቶ ወጣ፤ አላየኝም።

እሑድ ጠዋት ሰው ቤተ ክርስቲያን ሳለ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። እሱ ነው። ጋሽ ሽብሩ፣ ያ ፊልም ካልተመለሰ ድጋሚ ላየው አለ። አስገባሁት፤ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ። ማይክሮፎኑን አላነሣሁም። ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ያለ ትርጉም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየነው። የሚያስፈልገውን ያህል አለቀሰ። እኔ በሰው ፊት ማልቀስ አልወድም፤ አንገቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ሲያልቅ ፊቱን በእጁ ጠረገ። ከዚያ፣ «ጋሽ ሽብሩ፣ አንተም ነህ?» አለኝ።

«እኔም» አልኩ። ያቺን ቃል ስናገር ጣሪያው የሚወርድብኝ መስሎኝ ነበር። አልወረደም። ውጭ የሆነ ሰው አህያ ይነዳል።

እሱም እንደኔ ብቻውን መስሎት ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበበ፣ እንደ እኔው ፈጣሪ በእሱ ላይ የሳተ መስሎት ኖሯል። ጸበል ተጠምቋል፤ ሱባዔ ገብቷል፤ አንድ ጊዜ ራሱን ሊያጠፋ አስቦ ገመዱን ካዘጋጀ በኋላ ተማሪዎቹ ፈተና ስላለባቸው ትቶታል። ይህን ሲነግረኝ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ ጉርዳ የሚባለውን ነገር ጠየቀኝ። አገሩ አይደለም፣ ትናንት ነው የሰማው። እንዴት እንደሚታሰር፣ ምን እንደሚባል በዝርዝር አስረዳሁት።

«እኛስ ብናስረው?» አለኝ።

ጉርዳ ጓዳ ውስጥ አይታሰርም። ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ምስክር ይቆማል፤ ሰው ሁሉ ሰምቶ ከዚያ ወዲያ እነዚህ አንድ ናቸው ይላል። ጉልበቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። በተቀረቀረ በር ውስጥ የተማለ መሐላ ጉርዳ አይባልም። ይህንኑ ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀ፤ የገባው ይመስለኛል። እጁን አግዳሚው ላይ ዘረጋ፤ እጄን አጠገቡ አደረግሁ። ከዚያ ያለፈ ነገር አልነበረም። ከዚያ ያነሰም አልነበረም።

ሊወጣ ሲል አንድ ነገር ለመነኝ። አጎቱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ብቻ አይገባቸውም። ነገ ከመሳፈራቸው በፊት እንዳነጋግራቸው፣ ያለ እሱ እንዲመለሱ እንዳሳምንለት። «በአንደበትህ አገሩን ሁሉ አስለቅሰሃል» አለኝ። እኔም እንዲህ ስባል እምቢ የምል ሰው አይደለሁም። በእኔ ጣለው፣ ነገ ብቻቸውን ነው የሚሳፈሩት አልኩት። እያመነኝ ሄደ።

ሰኞ ማለዳ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት አገኘኋቸው። አቶ ተሰማ ቀጭን፣ ጋቢ የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ሻንጣው እግራቸው ሥር ነው። አንዱዓለም ከጎናቸው ተቀምጧል፤ ሲያየኝ ፊቱ በራ። ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሰላም አሉኝ፤ እኔ ሳልጀምር እሳቸው ጀመሩ።

«ወንድሜ፣ አንተ የፈረንጅን ቋንቋ ለሕዝብ ታስረዳለህ ይሉኛል። እንግዲህ ይህን ልጅ አስረዳኝ። አማርኛ ነው የሚናገረው፤ እኔም አማርኛ ነው የምሰማ። ግን አልገባኝም። ልጅቱ ቆንጆ ናት፣ የደግ ሰው ልጅ ናት። ምን ጎድሎበት ነው እምቢ የሚለኝ?»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ቅዳሜ ቤት ሙሉ ሰው የረታሁበትን መሣሪያ አወጣሁ። እዚህ አገር ጉርዳ የሚባል ትልቅ መሐላ እንዳለ፣ በዚህ መሐላ የታሰረ ሰው ትቶ መሄድ እንደማይችል፣ አንዱዓለምም እዚህ እንዲህ ያለ ወንድም እንዳለው በሚያምር አማርኛ አስረዳኋቸው። ሽማግሌው እያዳመጡ ፊታቸው ፈካ። ማሳመኔ መስሎኝ ልቤ ዘለለ።

«እሰይ! ወንድምየው አንተ ነህ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ተነሥተው አቀፉኝ። ባዕድ አገር ብቻውን ነው እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር፣ ለካ ወንድም ሰጥቶታል አሉ። ከዚያም እጄን እንደያዙ፣ «በል እንግዲያ፣ አንተም ተነሥ። አንደኛ ሚዜው አንተ ነህ። ለወንድሙ ሚዜ የማይሆን ወንድም የት አለ?» አሉኝ።

አንዱዓለም ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚህ በኋላ የማውቀውን ቃል ሁሉ በአእምሮዬ አገላበጥኩ። መዝገበ ቃላቴን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በቃሌ አውቀዋለሁ። እውነቱን የሚናገር፣ ልጁን የማያዋርድ፣ የሽማግሌውን ልብ የማይሰብር አንድ ቃል ፈለግሁ። የነበሩት ስድብ ብቻ ናቸው። እንደ ቅዳሜው ሰዓት ሠሪ «እንዲህ ነው» ልበላቸው? እንዴት ነው ቢሉኝስ? ወህኒ የሚያስወርድ ነገር ነው። የአውቶቡሱ ረዳት ጥሩንባውን መንፋት ጀመረ። ሽማግሌው መልስ ይጠብቃሉ፤ ልጁ ይጠብቃል።

«ጋሼ ተሰማ» አልኩ በመጨረሻ፣ «ልጁ ብቻውን መኖር ነው የሚፈልገው።»

አቶ ተሰማ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። አልተቆጡም። «ወንድሜ፣ እኔ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ነው የምኖር» አሉ። «ብቻውን መኖር የሚፈልግ ፍጡር የለም። ሰው እንዲህ የሚለው ሌላውን መናገር ሲያቅተው ነው። ያን ሌላውን ንገረኝ።»

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ የበለጠ በር ለሰው አይከፈትም። እኔ ግን ልገባበት አልቻልኩም። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። አንዱዓለምን አየሁት፤ እሱም መናገር እንደማይችል አየሁ። ከዚያ ልጁ ጎንበስ ብሎ ሻንጣውን አነሣ። «እንሂድ ጋሼ» አላቸው።

እስከ አውቶቡሱ ሸኘኋቸው። ሽማግሌው ሚዜነቱን ስላልተቀበልኩ ቅር ብሏቸው ቀድመው ገቡ። አንዱዓለም በሩ ላይ ቆሞ ትከሻዬን በትከሻው መታኝ፤ ሰው ሁሉ እንደሚሰነባበተው። «አታስብ ጋሽ ሽብሩ። ለዚህ ተርጓሚ የለውም» አለኝ። ገባ። መስኮት አልደረሰውም፤ ሲሄዱ አላየሁትም።

ማግባቱን ከሌላ አስተማሪ ሰማሁ። ልጅ ወለደ አሉ። ወደ ቡታጅራ አልተመለሰም፤ ዝውውር አገኘ። ልፈልገው እችል ነበር፤ እኔ ሽብሩ የፈለግሁትን ሰው አላጣም። ግን ሚስቱ በሩን ከፍታ ምኑ ነህ ብትለኝ ምን እላለሁ?

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ገጠመኝ ደስ የሚል መጨረሻ ጠብቀህ ከሆነ የለኝም። አንተም ለሽማግሌው ነገሩን ብትነግራቸው ኖሮ ይገባቸው ነበር ትለኝ ይሆናል። ምናልባት። ምናልባትም እዚያው ሻይ ቤት ውስጥ ከዘራቸውን ይሰብሩብኝ ነበር። ሌሊት ሌሊት ሁለቱንም «ምናልባት» እያሰብኩ አርጅቻለሁ። ቪዲዮ ቤቴን ሳተላይት ዲሽ መጥቶ ዘጋው፤ አሁን ወልቂጤ ነው የምኖረው። ጉልበቴ ቢደክምም እንግሊዝኛዬ አልዛገም፤ የሰፈር ልጆች የቤት ሥራ ይዘው ይመጣሉ፤ እሳቸው ያስረዱናል ይላሉ።

የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከዚያ ቅዳሜ በፊት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ የምታጠበው የተሳሳተ ሰው ፊት ነበር። ከዚያ ወዲህ የሽብሩን ፊት ነው። ደግሞም መልከ መልካም ፊት ነበር። ራሴን መጥላት አቆምኩ፤ ብቸኝነቱ ግን አልለቀቀኝም። ሁለቱ ለየብቻ እንደሆኑ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ራሱን የተቀበለ ሰውም ማታ ራቱን ብቻውን ይበላል።

አንተ ግን ይህን ስታነብ በር ዘግተህ፣ ፈጣሪ የሳተው በእኔ ብቻ ነው እያልክ ከሆነ፣ ይህን እወቅ። እኔም እንደዚያ እያልኩ ነው አርባ ዓመት ያለፍኩት። በዚያች ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ቆርቆሮ ቤት፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት እንኳ ሁለት ነበርን።